«የእንግዶች ብዛት፦ ፪» ሲመጣ ኮዱ ምን ይበል?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ላለው የአጎቷ ፔንሲዮን የክፍል መያዣ ገጽ ሠርታለች። በፓይተን ቋንቋ፣ ፍላስክ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ። በአዘቦቱ ቀን ደህና ይሠራል። ጥምቀት ሲቃረብ ግን ሰው ይበዛና ሰርቨሩ 500 («በራሴ በኩል ተበላሸ» የሚል የስህተት ቁጥር) እያለ ይወድቃል። «በመጨረሻ ሁሉንም ነገር ትራይ (ስህተት መያዣ) ውስጥ ከተትኩት። ስህተት ሲፈጠር ዜሮ ወይም ባዶ ይመልሳል። 500 ጠፋ። አሁን ግን አንዳንድ መዝገብ ላይ ያለው የእንግዶች ብዛት በር ላይ ከሚመጡት ሰዎች ጋር አይገጥምም። ሰው ምን እንደሚጽፍ አስቀድሜ ማወቅ አልችልም። ያልጠበቅኩትን ግብዓት እንዴት ልያዘው?»

እህቴ፣ 500ውን ስታጠፊ ችግሩን አላጠፋሽውም። አፉን ነው የለጎምሽው።

ይህን የምለው ከላይ ሆኜ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አዘዞ ላለ አንድ እድር የወር መዋጮ መመዝገቢያ ሠርቼ ነበር። ገንዘብ ያዡ ስልኩ ላይ ይሞላል፣ ሰርቨሩ ይመዘግባል። እኔም እንዳንቺው «የማይነበብ ከሆነ ዜሮ» ብዬ ነበር። ገንዘብ ያዡ አንዳንዴ «100» ይጽፋል፤ ሲለው ደግሞ «100 ብር»። ሁለተኛው ለኮዴ የማይነበብ ነው፤ ስለዚህ ዜሮ። ከሦስት ወር በኋላ ስብሰባ ላይ አንድ አባባ ውዝፍ አለባቸው ተብሎ ስማቸው ተጠራ። ምንም አልተናገሩም። ከጋቢያቸው ሥር በላስቲክ የተጠቀለሉ ሦስት ደረሰኞች አወጡና ጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ ዘረጓቸው። የመጀመሪያው ቀን ሰርቨሩ ወድቆ ቢሆን ኖሮ ይደወልልኝ ነበር፤ በአሥር ደቂቃ አስተካክለው ነበር። አልወደቀም። ዜሮ ብሎ ዋሸ።

ዜሮ «አላውቅም» ማለት አይደለም። በእድር መዝገብ ላይ «አልከፈሉም» ማለት ነው። ያንቺ መዝገብ ላይ ደግሞ «የሚመጣ ሰው የለም» ማለት ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ያን ትልቁን ትራይ አንሺው። ሌላም ጉድ አለበት፦ ሁሉን የሚይዝ ኤክሴፕት (ትራይ ስህተቱን የሚይዝበት ክፍል) የእንግዳውን ስህተት ብቻ አይደለም የሚውጠው፤ ያንቺንም ይውጣል። የቫሪያብል ስም ብትሳሳቺ፣ ዳታቤዙ ቢዘጋ፣ ያው ዜሮ ይመጣል። እንግዳው የተሳሳተውንና አንቺ የተሳሳትሽውን መለየት ካልቻልሽ ምንም ልታርሚ አትችዪም።

አሁን ወደ ሥራው። ጥያቄ ከውጭ ሲመጣ ሦስት ነገሮች በተራ መታየት አለባቸው፦ ይነበባል ወይ፣ ቅርጹ የጠበቅነው ነው ወይ፣ ትርጉም ይሰጣል ወይ። አንቺ ሦስቱን አንድ ላይ አጭቀሻቸዋል።

የመጀመሪያው ቀላሉ ነው፤ አብዛኛውን ፍላስክ ይሠራልሻል። የሚላከው ነገር መጠን ላይ ገደብ አድርጊ፤ ካለፈ 413 («በጣም ትልቅ ነው») ይመለሳል። ከፊት ኤንጂንኤክስ (ጥያቄውን አስቀድሞ የሚቀበል ሰርቨር) ካለሽ በራሱ ዲፎልት፣ ማለትም ካልነካሽው፣ 1 ሜጋባይት ላይ ያቆማል። የተበላሸ ጄሰን (ዳታ የሚላክበት የጽሑፍ ቅርጽ) ከመጣ 400 («ጥያቄው ተበላሽቷል»)፣ ጄሰን ነኝ ሳይል የመጣ ከሆነ በአዲሶቹ ፍላስኮች 415 («ይህን ዓይነት አልቀበልም»)። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ጄሰን ስታነቢ «ሳይለንት» የሚለውን አማራጭ አታብሪው። ካበራሽው ለተበላሸ ነገር ሁሉ ባዶ ይሰጥሻል፤ ዜሮሽ በሌላ በር ተመልሶ ገባ ማለት ነው።

ለኛ ብቻ የሚሆን አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 (ፊደልን ወደ ባይት በሚቀይረው ሥርዓት) ሦስት ባይት ነው። «ጎንደር» አራት ፊደል፣ 12 ባይት። ሊንክ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ባይት በሦስት ምልክት ስለሚጻፍ 36 ምልክት ይሆናል። ርዝመት የምትለኪው በባይት ከሆነ የሰው ስም መሀል ፊደል ላይ ይቆረጥና ማንበቢያው ይፈነዳል። በፊደል ለኪ።

ሁለተኛው፣ የቅርጹ ጉዳይ፣ ዋናው ነው። ያንቺም ችግር እዚህ ያለ ይመስለኛል።

ልክ የሆነ ጄሰን ሁሉ ዲክሽነሪ (ስምና እሴት የተጣመሩበት መዝገብ) አይደለም። «ነል» («ምንም» የሚለው ምልክት) ብቻውን ልክ የሆነ ጄሰን ነው። ባዶ ሊስትም፣ አንድ ቃል በጥቅስ ውስጥም እንደዚያው። ኮድሽ ዲክሽነሪ ነው ብሎ «ጌት» (ስጠኝ) ሲለው ሊስቱ እንዲህ ያለ ነገር የለኝም ይላል፣ ያው 500። ስለዚህ የመጀመሪያው መስመር «ይህ ዲክሽነሪ ነው ወይ?» ይሁን። ካልሆነ 400፣ አለቀ።

ቀጥሎ «የለም»፣ «ባዶ ነው» እና «ነል ነው» ሦስት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያዢ። የልጆች ብዛት ጭራሽ ካልተላከ ምናልባት ፎርሙ አሮጌ ነው። ባዶ ከተላከ ሰውየው አልሞላውም። ለአንዱ ዲፎልት ልትሰጪ ትችያለሽ፤ ለሌላው ግን ጠይቂ። ይህን የምትወስኚው አንቺ እንጂ ፓይተን አይደለም።

አሁን ተጠርጣሪውን ልንገርሽ። ከሊንኩ የእንግዶችን ብዛት ስታነቢ ዲፎልቱ 1፣ ዓይነቱ ኢንት (ሙሉ ቁጥር) ብለሽ አንድ ላይ የምታነቢበት አጻጻፍ አለ። አጭር ነው፣ ያምራል፣ ሁሉም ይጠቀምበታል። ግን እሴቱ ወደ ቁጥር መቀየር ሲያቅተው ስህተት አያሰማም፤ ዝም ብሎ ዲፎልቱን ይመልሳል። ሰውየው «4 ሰው» ብሎ ይጽፋል፣ አንቺ 1 ትመዘግቢያለሽ። አራት ሰው ሻንጣ ይዞ ይመጣል፣ አጎትሽ አንድ አልጋ አዘጋጅተው ይጠብቃሉ። ትራይሽን ብታነሺም ይህ አይጠፋም፤ ስህተቱን የሚውጠው ፍላስክ ውስጥ ነውና። ጽሑፉን እንዳለ አንብቢ፤ ወደ ቁጥር መቀየሩን ራስሽ፣ በግልጽ፣ በአንድ መስመር አድርጊው።

ስትቀይሪው ደግሞ የሚገርም ነገር ታያለሽ። ኢንት ራሱ ከምታስቢው በላይ ለጋስ ነው። ዳርና ዳር ያለ ክፍተት ይታገሳል። በቁጥሮች መሀል ከታች የሚሰመረውን ሰረዝም ይቀበላል። በዓረብኛ አኃዝ የተጻፈ ሦስትን ያለ ምንም ጣጣ 3 ይለዋል። የግዕዙን ፪ ስትሰጪው ግን አይሆንም ይላል። እሺ ብለሽ አስቀድመሽ «ኢዝዲጂት» በሚለው ታጣሪያለሽ፦ አኃዝ ከሆነ ብቻ ይለፍ። እሱ ደግሞ ፪ን ሲያይ «አዎ፣ አኃዝ ነው» ብሎ ያሳልፈዋል! ማጣሪያው አሳልፎ ኢንት ላይ ይፈነዳል። የበለጠ የሚያስቀው፣ ፩ እስከ ፱ን አኃዝ ናቸው የሚለው ማጣሪያ ፲ ላይ ሲደርስ አይደለም ይላል። ምክንያቱ የዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት መዝገብ) ምደባ ነው፦ የኛ አኃዞች ዜሮ ስለሌላቸውና እንደ 0 እስከ 9 በቦታ ስለማይጻፉ የዐሥርዮሽ አኃዝ ተብለው አልተመዘገቡም። ትክክለኛው ማጣሪያ «ኢዝዴሲማል» የሚባለው ነው፤ እሱ ከኢንት ጋር ይስማማል።

ታዲያ ፪ ሲመጣ ምን ይደረግ? ሁለት መልካም መልስ አለ። አንዱ መቀበል ነው፦ ከ፩ እስከ ፲ ያለውን በትንሽ ሠንጠረዥ ወደ ቁጥር መቀየር። ፔንሲዮን ውስጥ ከዚያ በላይ ሰው ባንድ ክፍል አይያዝም። ሌላው «በ1፣ 2፣ 3 ይጻፉልን» ብሎ በትሕትና መመለስ ነው። ሁለቱም ያስኬዳል። የማያስኬደው በዝምታ 1 ማድረግ ነው።

እግረ መንገዴን ሌሎች ወጥመዶች። በፓይተን «ትሩ» (እውነት) የኢንት ዘር ነው፤ ብዛት ቦታ ላይ ትሩ ቢላክ «ኢንት ነው ወይ?» የሚለውን ፈተና ያልፍና 1 ይሆናል። «ፎልስ» (ሐሰት) በጽሑፍ ከመጣ ደግሞ ባዶ ያልሆነ ጽሑፍ ሁሉ እውነት ስለሆነ «ቁርስ አልፈልግም» ያለው እንግዳ ቁርስ ይቀርብለታል። ዋጋን በፍሎት (ነጥብ ባለው ቁጥር) የምታነቢ ከሆነ «ናን» («ቁጥር አይደለም» ማለት ነው) የሚል ጽሑፍም ቁጥር ተብሎ ያልፋል። ናን ከዜሮ ያንሳል ወይ? አይ። ከሺህ ይበልጣል ወይ? አይ። «ካነሰ ወይም ከበለጠ ጣለው» ያልሽው ፈተና በሰላም ያሳልፈዋል። ፈተናውን ገልብጪው፦ «በዚህና በዚህ መካከል ካለ ብቻ አስገባው»። ዋጋን ከእንግዳው መቀበል ራሱ ለምን እንዳስፈለገ ግን አይገባኝም። ዋጋ ከራስሽ ዳታቤዝ ይምጣ። ፎርሙ ላይ ተደብቆ የሚላክ ዋጋ ካለ አንድ ጎበዝ ልጅ 1200ውን 12 ያደርገዋል።

ከዚህ ጋር የሚሄደው ያልጠየቅሽው ተጨማሪ መስክ ነው። የመጣውን ዲክሽነሪ እንዳለ ወደ ዳታቤዝ አትገልብጪ። የምትፈልጊያቸውን መስኮች ስማቸውን ጠርተሽ ውሰጂ። እ.ኤ.አ. በ2012 ጊትሀብ (ፕሮግራመሮች ኮድ የሚያስቀምጡበት ድረ ገጽ) ላይ የደረሰው ይኸው ነበር፦ አንድ ተጠቃሚ ፎርሙ ያልጠየቀውን መስክ ጨምሮ ላከ፣ ሰርቨሩም ተቀብሎ የሌላ ፕሮጀክት ላይ የመጻፍ መብት ሰጠው።

ሦስተኛው ጥያቄ፣ ትርጉም ይሰጣል ወይ የሚለው፣ ጎንደር ላይ ቀን ነው።

«2018-13-05» ብሎ የሚጽፍ ሰው አልተሳሳተም። ጳጉሜን 5 ነው። «2018-02-30»ም ጥቅምት 30 ነው። የፓይተን ቀን አንባቢ ሁለቱንም አይሆንም ይላል፤ ያ መልካም ነው፣ ጮኸ። የሚያስፈራው ዝም ብሎ የሚያልፈው ነው። ለከተራ የሚመጣ ሰው «2018-05-10» ይላል፤ ጥር 10። ኮድሽ ሜይ 10 ቀን 2018 ብሎ ያነበዋል። እዚህ ላይ ዕድለኛ ነሽ። የኛ ዓመት ከፈረንጆቹ በሰባት ወይም በስምንት ስለሚያንስ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ የነገ ቀን በፈረንጅ ሲነበብ ሁሌም ያለፈ ነው። «ከዛሬ በፊት ከሆነ አትቀበል» የሚል አንድ መስመር ያንን ሁሉ ያጠምድልሻል። ግን ዓመቱን ፎርሙ ራሱ የሚሞላ ከሆነ ይህ ጥበቃ ይጠፋል፦ «10/05» ሜይ 10 ቀን 2026 ይሆናል፣ ወደፊት ያለ ቀን ነው፣ ይመዘገባል። ሰውየው ግን የጥር ብርድ ላይ ሻንጣውን ይዞ በር ላይ ቆሟል። የልደት ቀን ከጠየቅሽ ደግሞ ምንም መያዣ የለሽም፤ 1990 በሁለቱም አቆጣጠር ልክ ነው።

ስለዚህ አትገምቺ። አቆጣጠሩን ራሱን የቻለ መስክ አድርጊው፤ ካልተላከ አትቀበዪ። ስትቀይሪ ደግሞ «ጥር 11 ጃንዋሪ 19 ነው» ብለሽ በእጅ አትጻፊ፤ በ2016 ዓ.ም. ጥምቀት ጃንዋሪ 20 ነበር የዋለው፣ ጳጉሜን 6 ያለው ዓመት ስላለፈ። የታወቀ መቀየሪያ ተጠቀሚ። ከዚያ ለእንግዳው መልሰሽ አሳዪው፦ «እሑድ፣ ጥር 10 ቀን 2018፤ በፈረንጆች ጃንዋሪ 18 ቀን 2026።» የሳምንቱ ቀን ከየትኛውም ማጣሪያ ይበልጣል። ሰው ቀኑን ይረሳል እንጂ ከተራ እሑድ መዋሉን አይረሳም።

ሰዓትም እንደዚያው። «3:00 ላይ አውሮፕላን ማረፊያ እደርሳለሁ» ያለው ሀበሻ ከሆነ ጠዋት ነው፤ የፈረንጅ የከሰዓት 3 መስሎሽ ሾፌሩን ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ብትልኪው አጼ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ማንንም አያገኝም። ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ የሚል ምርጫ አድርጊበት፤ ይበቃል።

አሁን «ምን ያህል ልታገሥ?» የሚለው ይመጣል። በኢንተርኔት ዓለም አንድ የቆየ ምክር አለ፤ ኢንተርኔትን ከመሠረቱት አንዱ የሆነው ጆን ፖስቴል በ1980 እ.ኤ.አ. የጻፈው፦ ስትልክ ጥንቁቅ ሁን፣ ስትቀበል ቸር ሁን የሚል። ብዙዎቻችን በሱ ነው ያደግነው። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው አርኤፍሲ 9413 የተባለ የኢንተርኔት አሠራር ሰነድ ግን ይህ ቸርነት ስህተትን እያስታመመ ያኖራል ብሎ ሞግቶታል። እኔ ወደ ኋለኛው አደላለሁ፣ አንድ ነገር ጨምሬ፦ ለማሽን ጥብቅ ሁኚ፣ ለሰው ግን ቸር ሁኚ፤ ቸርነትሽ ግን ተጽፎ የተቀመጠ ይሁን።

ስልክ ቁጥር ጥሩ ምሳሌ ነው። ሰው 09 ብሎ፣ 07 ብሎ፣ 251 ብሎ፣ ከፊቱ ፕላስ ጨምሮ፣ በየሦስቱ ክፍተት አድርጎ ይጽፋል። ሁሉም ልክ ናቸው። ክፍተትና ሰረዙን አውጪ፣ መነሻውን አንድ ዓይነት አድርጊ፣ የቀረው ዘጠኝ አኃዝ ሆኖ በ9 ወይም በ7 ከጀመረ ተቀበዪ። በሌላ አገር መለያ የሚጀምረውን ለብቻ ያዢው፤ ለጥምቀት ፈረንጅ ይመጣል። አደራ በቁጥርነት አታስቀምጪው፤ መሪዋ ዜሮ ትጠፋለች። ደግሞ በእጅሽ የገጣጠምሽው ሊንክ ውስጥ የሚሄድ ከሆነ ፕላሷ እዚያ ማዶ ስትደርስ ክፍተት ትሆናለች። እኔ ግማሽ ቀን የፈጀሁባት ነገር ናት።

ስምም አለልሽ። «ገ/ማርያም»፣ «ኃ/ሥላሴ»። ስሙን የሊንኩ መንገድ ውስጥ ካስገባሽው እዝባሩ መንገዱን ለሁለት ይከፍለዋል፣ 404 («አልተገኘም») ይመጣል። የተማሪ መታወቂያ ቁጥርም እዝባር አያጣውም። እነዚህን በጥያቄው አካል ውስጥ ላኪ። «የቤተሰብ ስም» የሚል ግዴታ መስክም አውጪው፤ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። ፍለጋ ላይ ደግሞ «ጎንደር» እና «ጐንደር» ለኮምፒውተር ሁለት ከተማ ናቸው፤ ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠም እንደዚያው። ሲመዘገብ ሰውየው እንደጻፈው ይቀመጥ፤ ለፍለጋ ብቻ አንድ ያደረግሽው ቅጂ ይኑርሽ። የሰው ስም አታርሚ።

ይህ ሁሉ የት ይቀመጥ? አንድ ቦታ። ፋሲል ግቢ 12 በር አለው፤ ለቤተ መንግሥት ያምራል፣ ላንቺ ግን አንድ ይበቃል። ጥሬውን ጥያቄ ተቀብሎ ወይ የተጣራ «ማስያዣ» ወይ የስህተት ዝርዝር የሚመልስ አንድ ፈንክሽን ጻፊ። ከሱ ወዲያ ያለው ኮድ ጥሬ ነገር አይንካ፤ ቀኑ ቀን ነው፣ ብዛቱ ቁጥር ነው። ፒዳንቲክ የሚባለው ላይብረሪ ይህን ያቀልልሻል፣ ግን እሱም ካልከለከልሽው «2»ን በጽሑፍ ሲያገኝ በራሱ ቁጥር ያደርገዋል፣ ያልታወቀ መስክንም በዝምታ ያልፈዋል። ጥብቅ የሚያደርጉትን ቅንብሮች አንብቢ።

ትራይ የሚገባው እዚያ ፈንክሽን ውስጥ ነው፣ ትንሽ ትንሽ ሆኖ። ቁጥር መቀየሩን ብቻ ይክበብ፣ የሚይዘውም «ቫልዩ ኤረር»ን (እሴቱ አይሆንም የሚለውን ስህተት) ብቻ ይሁን። ቅርጹ ከተበላሸ 400፣ ቅርጹ ደህና ሆኖ ትርጉም ካልሰጠ 422። ሁለቱን ብታምታቺ ማንም አይሞትም፤ 200 («ተሳክቷል») ብለሽ ግን ውስጡ «ስህተት» ብለሽ አትላኪ። 500 ደግሞ ላንቺ ጥፋት ብቻ ይቅር፤ ሲመጣ ስልክሽ ይጩህ።

መልእክቱን ሰው እንዲያነበው ጻፊ። «ልክ ያልሆነ ግብዓት» የሚለው ለማንም አይረዳም። «የእንግዶች ብዛት በቁጥር ብቻ ይጻፉ፤ ለምሳሌ 2» በዪ። የሞላውንም አታጥፊበት። ሁሉንም ስህተት ባንዴ ንገሪው፤ አንዱን አስተካክሎ ሲመጣ ሌላ የሚባል ሰው ተናዶ ወደ ጎረቤት ፔንሲዮን ይሄዳል።

ያልተቀበልሽውን ሁሉ ሎግ አድርጊ፦ የትኛው መስክ፣ ምን ተጽፎ፣ ስንት ሰዓት ላይ። ስልኩን ከመጨረሻው ሁለት ሦስት አኃዝ በቀር ሸፍኚው፤ የይለፍ ቃል ጭራሽ አይግባ። ከሳምንት በኋላ ሎጉን ብታዪ «ሰው ምን እንደሚጽፍ አላውቅም» ያልሽው መልሱ እዚያ ተዘርዝሮ ይቆይሻል። «4 ሰው» ሃያ ጊዜ ከመጣ ሰዎቹን ሳይሆን ፎርሙን አስተካክዪ።

የቀረው አሮጌው መዝገብ ነው። ያ ትራይ ከገባ ወዲህ የተመዘገቡትን፣ ብዛታቸው ባዶ፣ 0 ወይም 1 የሆኑትን ሁሉ አውጪያቸው። ከነሱ ውስጥ እውነተኛው 1 የትኛው እንደሆነ ኮድ ሊነግርሽ አይችልም፤ ጥሬው ጠፍቷል። ስልካቸው ግን አለሽ። አጎትሽን ቡና አፍልተሽ አስቀምጪና ከከተራ በፊት አንድ በአንድ ደውሉላቸው። እኔ የእድሩን ዜሮዎች ሳጣራ ሁለት ቅዳሜ ሄደብኝ። አባባ ጋ ግን በእግሬ ነው የሄድኩት።